አንቀጽ ሠላሳ አንድ

ፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከጂፕኒው ፌርማታ፣
ኮፒ አነሳለሁ ከጠዋት እስከ ማታ።
የኢሎኢሎ ጉድ በእጄ ነው የሚያልፈው፤
ማን መሬት እንደሸጠ፣ ማን ወንድሙን እንደከሰሰው።
የሟችን ኑዛዜ ከወራሹ ቀድሞ
ማሽኔ ነው የሚያየው፣ አሙቆ፣ አትሞ።
አላነብም እላለሁ። ውሸት ነው። አነባለሁ።
ወረቀቱ ሲወጣ ግን እኔም እረሳለሁ።

አንዱን ቀን ግን እምቢ አለኝ።

ማሪቪክ ስትመጣ ዝናቡ ጨክኖ
ቆርቆሮዬን ይወቅጣል። በፌስታል ተሸፍኖ
ሦስት ደብዳቤ ወጣ፤ እሱ ደርቆ፣ እሷ በስብሳ።
ጠበቃ ናት። በዚህ ወደብ ደሞዙ የተረሳ፣
ጣቱን ዊንች የበላው፣ ስሟን ነው የሚያነሳ።
«ሁለት ሁለት» አለች። «ለማስተርስ ነው። እስከ ዓርብ
አንዱን መርጬ ልመልስ፤ ከሚርቅ፣ ከሚቀርብ።»

ሙሉ ወጪ ችሎ፣ ቲኬት ጭምር ከፍሎ፣
ሲንጋፖር ይጠራል «ቅርብ ነኝ፣ ነይ» ብሎ።
ኦስሎ ግማሽ ሰጥቶ ለግማሹ ዝም ብሏል፤
በብሮሹሩ ላይ ግን በረዶውን ስኳር አስመስሏል።
ለንደን ሳንቲም የለው፤ በወርቅ ማኅተም ኮርቶ
ልኳል የክፍያ ልክ፣ ዜሮን በዜሮ ጎትቶ።
በፖስታው ጀርባ ላይ ደምራለች፣ ቀንሳለች፤
የእናቷን መድኃኒት ወር በወር አስልታለች፤
ከኦስሎ ትይዩ «ካፖርት» ብላ ጽፋለች።

እናቷ ለሲንጋፖር ናት፤ «ሩዙ እንደኛው ነው።»
አለቃዋ ለለንደን፤ «ስሙ ነው የሚከፍለው።»
እጮኛዋስ? ዝም ብሏል። እሱን ማን ይጠይቀው።

ከፌስታሉ ግርጌ አራተኛ ወጣ፣
ቢጫ የሆነ ወረቀት፣ ጨው ውሃ የጠጣ።
«ይህንንም» አለች። የአባቷ ውል፦ ክሪሳንቶ፣
ዘይተኛ፣ ሞተር ክፍል፤ ስሙን በእስክሪብቶ
ተጭኖ ጽፎታል። ቦይለሩ ሲፈነዳ
ስድስት ወር አልሞላው። ለቤቱ የቀረው ዕዳ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ማሽኔ ነከሰ።
ስስበው ቀስ በቀስ፣ ዓይኔ ላዩ ደረሰ፦
አንቀጽ ሠላሳ አንድ። «በዚህ ውል ምክንያት
ጠብ ቢነሳ ሕጉም የለንደን ነው፣ የሚዳኝበትም ቤት።»
ሰውየው ለንደንን አያውቅ፤ መርከቡም ረግጦት አያውቅ፤
ባንዲራው የሌላ፣ ጌታው የሌላ፣ ሞቱ የዚህ ሰፈር ሐቅ።

«ያኔ» አለች፣ ማሽኑን እያየች፣ እኔን ሳይሆን፣
«እናቴ ካርታ ገዛች፣ ለንደን የት እንደሆን።
በጣቷ ለካችው። አንድ ስንዝር አይሞላም።
‹ቅርብ ነው› አለችኝ። መልሱ ግን አልመጣም።»

ጨረስኩት በልቤ፣ ፊልም እንዳየ ሰው፦
ለንደን ልትሄድ፣ ያን በር ልትገፋው፣
ዳኛውን በቋንቋው ቆማ ልትሞግተው።
ግን ኮፒ አንሺ ነኝ። እኔ የማውቀው ጠርዝ ነው።
ማሽኔ ከግርጌ ሁልጊዜ ይቆርጣል፤
ጥቂት ቢያሳንሱት፣ የተደበቀው ይወጣል።
ዘጠና ከመቶ አደረግኩት። ወጣ
የጉንዳን ሰልፍ የሚያህል፣ ቀለሙ የገረጣ፦
«ይህ ቅጽ የተዘጋጀ፦ ሲንጋፖር።» የመንገድ ስም። ፎቅ ሰባት።
ቆማ አነበበችው። ሦስቴ። ዝናቡ ሳይቆምላት።

«ለካ» አለች፣ «ለንደን መከራከሪያው ነው፤
ይህን የጻፈው ሰው ምሳ የሚበላው እዚያ ነው።
ክሱን ሳይሆን ውሉን...» አለችና ተወችው።

መርጣለች አልልም። የቅርቡን ደብዳቤ አውጥታ
ከአባቷ ውል ጋር አሰረች፣ በክሊፕ አስጠግታ።
ሃያ ሁለት ፔሶ ነበር። ሃያ ብቻ ይዛለች፤
«ሁለቱን ስመለስ» ብላ ወደ ጂፕኒው ሮጠች።

ይኸው ዓመት ሊሆን ነው። ዕዳዋን አልማርኳትም።
ከማሽኑ ጎን ለጥፌአለሁ፣ ማንም አያነበውም፦
«ስለ ሁለት ፔሶ፣ ለሚነሳ ሙግት፣ ለሚነሳ ሐሜታ፣
ዳኝነቱ እዚሁ ነው፤
ፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከጂፕኒው ፌርማታ።»